ማሩ፣ ሰሙና ጧፉ

ዘፈንን የፍልስፍና ውይይት መነሻ ማድረግ ለአንዳንዶች ቁም ነገርን ማቃለል፣ ለሌሎች ደግሞ ጨዋታን ያለ መጠን ማክበድ ሆኖ ይታያቸዋል። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት አላቸው። ይሁንና ሕዝባችን ሲያዝንም ሆነ ሲደሰት፣ ሲያወድስም ሆነ ሲወቅስ ሐሳቡን በግጥምና በዜማ ሲገልጽ የኖረ በመሆኑ፣ ከዘፈን ውስጥ ሐሳብን ፈልፍሎ ማውጣት ለእኛ አዲስ ሥራ አይደለም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲገጥም፣ «ምን ማለቱ ይሆን?» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል የሚል አድማጭ ጠፍቶ አያውቅም። በጥቅምት ወር 2009 ዓ.ም. የስዊድን አካዳሚ የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ሽልማትን ለአሜሪካዊው የዘፈን ደራሲ ለቦብ ዲላን በሰጠ ጊዜ፣ «የዘፈን ግጥም ሥነ ጽሑፍ ነውን?» የሚል ክርክር በውጭው ዓለም ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው በጎጃምና በአገው ምድር ላደገ ሰው ዘግይቶ የመጣ ቢመስለው የሚፈረድበት አይደለም።

በዚያው በ2009 ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ወር፣ ቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) «ኢትዮጵያ» የተሰኘውን አልበሙን ለሕዝብ አቀረበ። አልበሙ በአሜሪካው ቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃን እስከ መያዝ ደርሷል። ከዘፈኖቹ መካከል የዚህ ሐተታ መነሻ የሆነው «ማር እስከ ጧፍ» ሲሆን፣ የተመሠረተውም ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለድ ላይ ነው። የዘፈኑን ስንኞች እዚህ መደርደር አያሻም፤ አብዛኛው አንባቢ በቃሉ ያውቃቸዋል። እኔን ይዞ ያስቀረኝ ርእሱ ነው። ርእሱ ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሦስቱ ቃላት ብዙ ያስኬዳሉ።

ዘፈኑን ልብ ብዬ ያዳመጥኩት አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን ወደ እንጅባራ ስንጓዝ ፍኖተ ሰላምን አለፍንና ወደ ቡሬ አቅጣጫ ስንገሰግስ ማንኩሳ ደረስን። ሾፌሩ አውቆም ይሁን ሳያውቅ ያን ዘፈን ከፈተው። ረዳቱ በመስኮት እያመለከተ፣ «የበዛብህ አገር ይኸውላችሁ» አለ። ከአጠገቤ የተቀመጠ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል ሳያዛንፍ አብሮ ሲያንጎራጉር ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሼ፣ በዛብህ በእውነት የነበረ ሰው ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። መጽሐፉን አንብቦት እንደሆነ ብጠይቀው በትሕትና ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ማሩን ጠግቦ ልሷል፤ ቀፎው የት እንዳለ ግን አያውቅም። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚያ መቀመጫ ላይ የተነሣ ነው። አንድ ጣፋጭ ዘፈን ስለ አንድ መራራ በደል ሲዘፍን፣ በደሉን ያሳየናል ወይስ ያጣፍጥልናል?

«እስከ» ስለምትባል ቃል

ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር የሚገባት ትንሿ ቃል ናት። «እስከ» በቋንቋችን ውስጥ ሁለት ጌታ የምታገለግል ቃል ናት። «እስከ ሰኞ እከፍላለሁ» ያለ ባለዕዳ ሰኞን ጨምሮ ይቆጥራል፤ አበዳሪው ግን እሑድ ማታ ደጁ ላይ ቆሞ ይገኛል። እስከ እንጅባራ የከፈለ ተሳፋሪ ዕቃውን ይዞ መናኸሪያው ድረስ እንደሚሄድ ያምናል፤ ረዳቱ ግን ከከተማው መግቢያ ላይ «ደርሰናል፣ ውረዱ» ይለዋል። ክርክሩ የገንዘብና የጉዞ ብቻ አይደለም። «እስከ» ገደብን ትናገራለች ወይስ መድረሻን?

«ፍቅር እስከ መቃብር» ሲባል ፍቅሩ ከመቃብሩ አፍ ላይ ይቆማል ወይስ አብሮ ይገባል? ልብ ወለዱን ያነበበ ሰው መልሱን ያውቃል። በዛብህ በወንበዴዎች ቆስሎ በመንገድ ላይ ወድቆ ሳለ፣ መልኳን ለውጣ ፍለጋ የወጣችው ሰብለ ወንጌል በመጨረሻው ሰዓት ትደርስበታለች። ከሞተም በኋላ ትመነኩስና መቃብሩን ትጠብቃለች። በዛብህ ከማንኩሳ ተወልዶ ሰብለ መንኩሳ መቅረቷን የታዘበ ቅኔ ዐዋቂ በቃላቱ መገጣጠም ፈገግ ቢል አይነቀፍም። እንግዲህ በመጽሐፉ «እስከ» ገደብ አልሆነችም፤ ፍቅሩ መቃብሩን ተሻግሮ ሄዷል።

ወደ ዘፈኑ ርእስ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል። ፍቅርና መቃብር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ አንዱ ሌላውን አይሆንም። ማርና ጧፍ ግን ከአንድ ቀፎ የወጡ ናቸው። ስለዚህ «ማር እስከ ጧፍ» የሚለው ሐረግ የመለወጥ ሐረግ ነው። የቀድሞው ርእስ «እስከ መቼ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሰጥ፣ የኋለኛው ደግሞ «ምን እስከ መሆን?» ለሚለው ይመልሳል።

የፊደል ጨዋታ

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍቀድልኝና ጥቂት ልጫወት። «መቃብር» የሚለው ቃል በ«መ» ተነሥቶ በ«ር» ያበቃል። ሁለቱን ዳርቻዎች ይዘን መካከሉን ብንተወው «ማር» ከሚለው ቃል ተነባቢዎች ጋር እንገጥማለን። እንደዚሁም «ፍቅር» የሚጀምርባት «ፍ» የ«ጧፍ» መዝጊያ ናት። ማር መቃብርን ከሁለት ወገን አቅፎታል፤ የፍቅር መነሻም የጧፍ መድረሻ ሆኗል። ገጣሚው ይህን አስቦ አድርጎታል አልልም። አላሰበበትም ብዬም አልምልም። ቋንቋ ከተናጋሪው ይልቅ የሚያውቀው ነገር እንዳለው ግን የዋሸራም ሆነ የጎንጅ ቅኔ ቤት ተማሪ አሳምሮ ያውቃል።

ሌላም አለ። «ማር» የንብ ፍሬ ብቻ ሳይሆን፣ «ይቅር በል» የሚል ትእዛዝም ነው። በደለኛ በዳኛ ፊት ወድቆ «ማረኝ» እንደሚለው፣ «ማር» ማለት ምሕረት አድርግ ማለት ነው። በዚህ አነጋገር ርእሱ፣ «ጧፍ እስከሚበራ ድረስ ይቅር በል» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ይህን ፍቺ ለጊዜው እናቆየው፤ በመጨረሻ ይፈለጋል።

ቀፎው ምን ይላል?

በአዊ ዞን ለሚኖር ሰው ማር ከመጻሕፍት የተገኘ ምሳሌ አይደለም። ቀርከሃው ይሰነጠቃል፣ ቀፎው ይጠለፋል፣ በእበትና በጭቃ ይመረጋል። ክረምቱ አልፎ ሜዳው በአደይ አበባ ሲሞላ ንቡ ይሠራል፤ ከዚያም ማሩ በጭስ እየተባለ ይቆረጣል። ማር ከነሰፈፉ ወደ ጠጅ ቤት ይሄዳል። በጠጁ ላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ተሰብስቦ፣ ቀልጦና ተጣርቶ ሰም ይሆናል። ሰሙ በጥጥ ፈትል ላይ እየተለበጠ ጧፍ ይወጣዋል፤ ጧፉም ለቤተ ክርስቲያን ይገባል። በዚህ መንገድ አንድ ቀፎ አንድ ጊዜ ጉሮሮን ያጣፍጣል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ጨለማን ያበራል።

ታዲያ ብዙዎቻችን ሰሙን የማሩ ትራፊ አድርገን እናስበዋለን። ተፈጥሮ ግን እንዲህ አትልም። ሠራተኛዋ ንብ ሰምን ከአበባ አትለቅምም። ማር በልታ፣ ከሆዷ ሥር ካሉት ዕጢዎች ታመነጨዋለች። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስሌት እንደሚያመለክተው አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ንቦች ከ6 እስከ 8 ኪሎ የሚደርስ ማር ይፈጃሉ። እንግዲህ ሰም የማር ትራፊ ሳይሆን የማር ዋጋ ነው። ንቧ ጣፋጩን በልታ ጣዕም የሌለውን ነገር ትሠራለች፤ ያም ጣዕም የሌለው ነገር ማሩን የሚይዘው ቤት ይሆናል። ጧፍ የሚሆነውም እርሱ ነው።

ከዚህ አኳያ ሲታይ ርእሱ ስለ ሰምና ወርቅ የተማርነውን ትምህርት ይገለብጠዋል። እንደሚታወቀው የቅኔው ስያሜ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያስወጣና በቦታው ወርቅ ያፈስሳል። እዚያ ሰሙ ለወርቁ ቦታ ለቅቆ ይጠፋል። በጧፉ ግን የሚቀልጠው ሰም ራሱ ብርሃኑን ይሰጣል፤ ሌላ ወርቅ አይጠበቅም። የዘፈን ግጥምም በዚህ ረገድ ከቅኔ ይልቅ ጧፍን ሳይመስል አይቀርም። «ምሥጢሩን ካገኘሁ ዜማው ምን ያደርግልኛል?» የሚል አድማጭ ሰሙን አቅልጦ ካፈሰሰ በኋላ ብርሃን የሚጠብቅ ሰው ነው።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርትም በአንድ ወቅት ከሰም ጋር ተነጋግሯል። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1641 ባሳተመው የፍልስፍና ድርሰቱ ገና ከቀፎ የወጣ ቁራሽ ሰም ያነሣል። ሰሙ የማር ጣዕሙ ገና አልለቀቀውም፤ የአበባ መዓዛ አለው፤ ሲመቱት ድምፅ ይሰጣል። ወደ እሳት ሲያስጠጋው ግን ጣዕሙ ይጠፋል፣ ሽታው ይተናል፣ ቅርጹ ይፈርሳል። «ያው ሰም ነውን?» ብሎ ይጠይቅና፣ አዎን ያው ነው፤ ያው መሆኑን ግን የምናውቀው በምላስ ወይም በዓይን ሳይሆን በአእምሮ ነው ይላል። ዴካርት ሰሙን ከእሳቱ አጠገብ አቀለጠው እንጂ ክር አላስገባበትም። የእኛ ሀገር ባለጧፍ ግን ከዚያ አልፋ ትሄዳለች። እርሷ የምትጠይቀው ሲቀልጥ ለማን እንደሚያበራ ነው። አንደኛው ጥያቄ ስለ ነገሮች ባሕርይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስለ ነገሮች ዋጋ ነው።

ክሱ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በዘፈኑ ላይ ሊቀርብ የሚችል ብርቱ ክስ አለ፤ ክሱንም አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር ባልደረባዬ ዳንግላ ውስጥ ቡና ስንጠጣ እንዲህ ሲል አቅርቦታል። «ፍቅር እስከ መቃብር የፍቅር ታሪክ ብቻ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ጠፋ እያሉ ሰብለን በቤት ያስቀሯት አጥንት ቆጥረው ነው። ካሣ ዳምጤ ልማዱ መለወጥ አለበት ስላለ ‹ጉዱ ካሣ› ተባለ። ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት የተነሣው ግብሩና ጭነቱ ስለ በዛበት ነው። ይህ ሁሉ ከ500 ገጽ በላይ የፈጀ ነው። የጥቂት ደቂቃ ዘፈን ይህን ሊሸከም አይችልም፤ ስለዚህ ፍቅሩን ይልስና ቁጣውን ይተፋል። አድማጩ አልቅሶ ይነሣል፤ በማን ላይ መቆጣት እንዳለበት ግን አያውቅም።»

ክሱ ቀላል አይደለም። ኪነ ጥበብ በደልን ባሳመረ ቁጥር በዳዩ የሚያመሰግነው ሊሆን ይችላል። እንባ የሚያወጣ ዜማ ልብን ያቀልላል፤ የቀለለ ልብም ሸክሙን ትቶ ሊሄድ ይችላል።

ሆኖም በዚህ ክስ ላይ ሁለት ነገር መባል አለበት። አንደኛ፣ መጽሐፉም ከገጽ ወደ ድምፅ ሲሻገር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለው ወገን ሳይቀር ሰብለንና በዛብህን እንደ ጎረቤቶቹ አውቋቸዋል። ድምፅ መጽሐፉን አልገደለውም፤ ይልቁንም ወደ ሌላ ቤት አስገባው። ሁለተኛ፣ ደራሲው ራሳቸው ያንን ሁሉ ኅብረተሰባዊ ትችት ሲጽፉ ለርእሳቸው የመረጡት ዓመፅን ሳይሆን ፍቅርን ነው። ለምን? ይህን ጥያቄ እኔ ልመልሰው አልቻልኩም ነበር፤ የመለሰችልኝ ተማሪ ናት።

አንዲት ተማሪ የጠየቀችው

ጓደኛዬ በጋበዘኝ ክፍል ውስጥ ዘፈኑን አስደምጠን ስለ መጽሐፉ ስናወራ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ሰብለ በዛብህን ባታፈቅር ኖሮ በደል አይደርስባትም ነበር ማለት ነው?» አለች። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ጥያቄው የመጣው ከመጽሐፉ ብቻ እንዳልሆነ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር። በክልላችን ሴት ልጅ ትምህርቷን ሳትጨርስ የምትዳርበት ልማድ ገና ታሪክ አልሆነም፤ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄም ሽማግሌ ሲላክ መጠየቁ ፈጽሞ አልቀረም።

መልሱ ግልጽ ነው። ሰብለ ባታፈቅርም ኖሮ በደሉ ያው ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ በአጥንት ቆጠራ ታጥራ ትኖር ነበር፤ በዛብህም በሕፃንነቱ ወላጆቹ በተሳሉት ስለት ታስሮ ይኖር ነበር። ልዩነቱ አጥሩን አለማየታቸው ብቻ ነው። ሰው ግድግዳ መኖሩን የሚያውቀው ለመውጣት በተነሣ ጊዜ ነው። ፍቅራቸው በደሉን አላመጣውም፤ አበራው እንጂ። ስለዚህ ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅርን ወደ ርእሱ ያወጡት ቁጣውን ለመደበቅ ሳይሆን፣ ቁጣው የሚታይበትን መብራት ለመስጠት ይመስለኛል። ምን እንደ ተነጠቀ ያላወቀ ሕዝብ ስለ ምን ይቆጣል? ማሩ የጠፋውን ነገር ያስቀምሳል፤ ጧፉ ማን እንዳጠፋው ያሳያል። በመካከላቸው ያለችው «እስከ» ከመቅመስ ወደ ማየት የሚወስደው መንገድ ናት።

ይሁንና እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። የሁለቱን ወጣቶች ፍቅር በማር መስፈሪያ የሰፈርነው እንደሆነ ኪሣራ ነው፤ ጎጆ አልወጡበትም፣ ልጅ አልወለዱበትም፣ አብረው አላረጁበትም። በጧፍ መስፈሪያ ብንሰፍረው ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ሲያበራ ኖሯል። ታዲያ በዚህ ተጽናንተን፣ «እንኳን ነደዱ፣ ብርሃን አገኘን» ልንል ነውን? በፍጹም። ሰም የሚቃጠለው ሳይጠየቅ ነው፤ ሰው ግን ሰም አይደለም። የመሥዋዕትነት ውበት መሥዋዕቱን ያስገደደውን ሰው ነፃ አያወጣውም። ጧፉን ማድነቅ ጨለማውን ማመስገን አይደለም። ይህን ድንበር ያልጠበቀ ኪነ ጥበብ ሰቆቃን እንደ ጌጥ መልበስ ይጀምራል፤ አድማጩም በሰው መከራ መዋብን ይለምዳል።

ያቆየነው ፍቺም የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። «ማር» ማለት ይቅር በል ማለት ከሆነ፣ ፊታውራሪ መሸሻን ይቅር ልንላቸው ይገባልን? እኚህ ሰው በራሳቸው ዓይን ክፉ አባት አልነበሩም፤ ለልጃቸው የሚበጅ የመሰላቸውን አደረጉ። የልማዱ ጌታ ነኝ ሲሉ የልማዱ አገልጋይ ሆነው ቀሩ። ሰውየውን መማር ይቻላል፤ ምናልባትም ይገባል። ይቅርታው ግን «እስከ ጧፍ» ነው፤ ማለትም ብርሃኑ በርቶ በደሉ በስሙ እስኪጠራ ድረስ መሄድ አለበት። ሰው ይማራል፤ ልማዱ ግን ይመረመራል። በጨለማ ውስጥ የተሰጠ ምሕረት ከመርሳት የሚለይበት ምልክት የለውም።

ለመምህራንና ለከያንያን

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዘፈኑን ጥፋተኛ ማለት አልቻልኩም፤ ንጹሕ ነው ብዬም አላሰናብተውም። ዘፈን የራሱን ድርሻ ይሠራል፤ ያጣፍጣል፣ ይጠራል፣ ያስቀምሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የእኛ ነው። ማር ብቻውን ጧፍ አይሆንም፤ ሰፈፉን የሚሰበስብ፣ የሚያጣራ፣ ፈትሉን የሚያስገባ እጅ ይፈልጋል። በትምህርት ቤት ያ እጅ መምህሩ ነው፤ በመድረክ ከያኒው ነው፤ በመሥሪያ ቤትም ባህልን እናሳድጋለን የምንል ሁላችን ነን። ዘፈኑን «ተራ ነገር» ብሎ ከክፍል የሚያስወጣ መምህር ቀፎውን ከነንቡ ያቃጥላል። አስጨብጭቦ የሚያበቃውም ማሩን ልሶ ሰፈፉን ይጥላል። ሁለቱም በጨለማ ያመሻሉ።

አውቶቡሱ እንጅባራ ሲደርስ ያ ተማሪ ሻንጣውን አወረደልኝ። መጽሐፉ ትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ያለ ይመስለኛል፤ ግን ወፍራም ነው» አለኝ። «ማንኩሳን ዛሬ በመስኮት አይተሃታል፤ የሚቀጥለውን መንገድ በእግርህ ሂደው» አልሁት። ሣቀ። ከዚያም ዘፈኑን እንደገና እያንጎራጎረ ወደ መናኸሪያው በር ሄደ፤ እኔም እንደማያነበው አልፈረድኩበትም። ማሩ ገና ከአፉ አልጠፋም ነበርና።